መርከቡስ ቆመ… እግርህስ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መርከብ ነው። «አንቺ ደግሞ! ያውም ነቀምቴ ተቀምጠሽ፣ የምን መርከብ አመጣሽብን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቆዩኝማ! ወለጋ ባሕር ባይኖራትም መርከብ ነበራት። የደምቢ ዶሎ ቡና በበቅሎ ቁልቁል ወርዶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ሁለት አገር አቋርጦ ካርቱም የሚገባበት ዘመን ነበር። ቡና ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይሄድ ነበር። የሄደ ሰው ካለ ደግሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ጠባቂዋ ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀች አልጠቅሰውም። ፈቃዷን አግኝቼ ግን አሳጥሬ አቀርብላችኋለሁ።

ደብዳቤው

«ዕድሜዬ 26 ነው። ነቀምቴ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። እጮኛዬ የጊምቢ ልጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ቀለበት አሰረልኝና ሥራ ፍለጋ ወደ ካርቱም ሄደ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር ቃላችን። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። በ2012 ጊምቢ ውስጥ ስልክ ለወራት ሲቋረጥ እኔ አውቶቡስ እየተሳፈርኩ እናቱን እጠይቅና ደህንነታቸውን እነግረው ነበር። ያኔ በፍቅራችን የሚመጣ ነገር የለም ብዬ አምን ነበር።

«በሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋዲ ሃልፋ ሸሸ። ከዚያ ወደ ግብፅ ልሻገር ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት! ባለፈው ወር ደግሞ ከካይሮ ደወለና እቁብሽ መቼ ነው የሚወጣልሽ አለኝ። ለመስከረም ነው አልኩት። ላኪልኝ፣ በሊቢያ በኩል ባሕሩን ልሻገር፣ እዚያ ከደረስኩ እወስድሻለሁ አለኝ።

«በዚህ መሐል አንድ መምህር ሽማግሌ ልኳል። ደህና ልጅ ነው። አባቴ እስከ መቼ ነው ይሉኛል። እናቴ ምንም አይሉም፣ ግን ማታ ማታ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ። ብሩን ልላክለት? ልጠብቀው? ወይስ ልተወው? እባክሽ እህቴ፣ በቶሎ መልሽልኝ።»

እንግዲህ ይሄ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ከመጻሕፍት ይልቅ ያሳለፈ ሰው መጠየቅ እመርጣለሁ። አንዲት ጓደኛዬ «ደምቢ ዶሎ ያሉ አያቴን ብታናግሪያቸው ኖሮ!» አለችኝ። «የመርከቡን ዘመን ያውቃሉ። እሳቸውም ጠብቀዋል።» መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቄ፣ በማግስቱ ጠዋት በጊምቢ በኩል ጉዞ ጀመርኩ።

አኮ

ባለታሪኳ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት ናቸው። ጆሮአቸው ትንሽ ከብዷል፤ ምላሳቸው ግን እሳት ነው። እኔም እንደ ልጅ ልጃቸው «አኮ» አልኳቸው። በእኛ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። አንጮቴ ቀርቦልኝ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ እስኪፈላ ድረስ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ «የጋምቤላን መርከብ ያውቁታል ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ማወቅ! በአንድ ዓይኔ ወድጄው በአንድ ዓይኔ ጠልቼዋለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አባታቸው በበቅሎ ቡና ወደ ጋምቤላ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ። ሳዮ፣ ማለትም የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ደጋ ናት። ጋምቤላ ደግሞ ባሮ ወንዝ ዳር ያለች ቆላ ናት፤ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ወባው አይጣል ነው። የደጋ ሰው ሸቀጡን አራግፎ ቶሎ መመለስ ነው የሚፈልገው። አኮ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ላይ አባታቸውን ለምነው አንድ ጊዜ ብቻ አብረው ወረዱ።

«መጀመሪያ ያየሁት ጢሱን ነው» አሉኝ። «ከዚያ ፊሽካው ጮኸ። በቅሎዎቹ ደነበሩ። ከኋላው ትልቅ መንኮራኩር አለው፣ ውኃውን እየመታ ይነዳዋል። በግራና በቀኝ ጀልባ ታስሮበታል። እኔ ከተማ መስሎኝ ነበር። ከተማ እየተንሳፈፈ የሚመጣ!»

ሸቀጡ ሲራገፍ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሌላም ሌላም ይወርዳል። ሲጫን ቡና ይወጣል። መዝገብ ይዞ ቡናውን ከሚያስመዝነው መሐል አንድ ወጣት ነበር። የአንድ ግሪክ ነጋዴ ጸሐፊ ነው፤ ትውልዱ ግን ከሳዮ አካባቢ። ወጣቱ መዝገቡን ትቶ ልጅቷን ማየት ጀመረ። አባትየው አዩት። ሳል ሳል አሉ… ታሪኩን እናንተ ጨርሱት!

በዓመቱ ሽማግሌ መጣ፤ ቃል ታሰረ። ሠርጉ ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጠረ። ወጣቱ ግን ለአሠሪው ጉዳይ ካርቱም መሄድ ነበረበት። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በወቅቱ የመጨረሻ መርከብ ተሳፈረ። ሲሰናበት ያለውን ቃል አኮ ዛሬም በቃላቸው ይዘውታል።

«ዝናቡ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው መርከብ እመጣለሁ።»

መርከቡ ወቅት ነበረው

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ መርከቡ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ነገሩ ካልገባን የአኮም ነገር አይገባንም።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የድንበር ውል ተዋዋሉ። በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረች። በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጥቶ የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ትፈቅዳለች። ውሉ ላይ የተጠቀሰው ኢታንግ አካባቢ ነበር፤ ጣቢያው የተቆረቆረው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና ጉምሩኩ ሥራ ጀመሩ። ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚጸና ነበር።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከጋምቤላ በባሮ ይወረዳል፤ ባሮ ሶባትን ይሠራል፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ካርቱም። ርቀቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ታች ሲወርድ 7 ቀን ያህል፣ ሽቅብ ሲመለስ 11 ቀን ያህል ይፈጃል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ስድስት ሰዓት ተቀምጠን ወገባችንን የምንይዝ ሰዎች፣ እስቲ አስቡት!

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ባሮ ሁልጊዜ መርከብ አይሸከምም። ውኃው የሚሞላው በክረምት ነው። ከግንቦት መጨረሻ ግድም እስከ ጥቅምት ድረስ መርከቡ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ውኃው ሲጎድል ወንዙ ይዘጋል። የመጨረሻው መርከብ ካመለጠህ አመለጠህ፤ እስከ ሚቀጥለው ዝናብ ቁጭ በል!

በዚያ መርከብ ያልመጣ ነገር የለም። ትምህርትና ሕክምናም መጥቶበታል። በሱዳን ናስር የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 በዚሁ በጋምቤላ በኩል ሳዮ ገብቶ ሕክምና ጀምሯል። ጦርም መጥቶበታል። ከቤልጂየም ኮንጎ የተነሳው ሠራዊት ሱዳንን አቋርጦ ጋምቤላን ይዞ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ በሰኔ 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን እዚያው ሳዮ ላይ እጁን አሰጥቶታል። አኮ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ናቸው።

ከጣሊያን በኋላ መርከቡ እንደገና ሥራ ጀመረ። ግን ዕድሜ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1955 አገልግሎቱ ቆመ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃነቷን አወጀች፤ የኪራዩ ምክንያት አበቃ። በጥቅምት 1949 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለአገር ደስታ ነው። ለአንዲት የሳዮ ልጃገረድ ግን…

ዝናቡ መጣ፣ መርከቡ አልመጣም

«ዝናቡ መጣ» አሉ አኮ። «እኔ በየቀኑ በቅሎ ነጂዎቹን እጠይቃለሁ። መርከብ መጣ? አልመጣም። ሰኔ አለፈ። ሐምሌ አለፈ። መስቀል መጣ። እናቴ ለሠርጉ የደገሰችውን ማር ለመስቀል ጠጡት።»

ሁለተኛው ክረምትም እንደዚያው አለፈ። ሰው ማማት ጀመረ። አባትየው ተቆጡ። ሌላ ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ገበሬ ነው፣ ጥሩ ቡና አለው። ያኔ አኮ ያደረጉትን ነገር ልብ በሉልኝ። አላለቀሱም፤ እሺም አላሉም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡና እንዲህ አሉ፦

«መርከብም ወቅት አለው። የእኔም ጥበቃ ወቅት ይኑረው። እስከ ሦስተኛው መስቀል እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሰውዬው ባይመጣ እንኳ ወሬው ከመጣ፣ ቃሌ ቃል ነው። ወሬውም ካልመጣ ሐብሌን ለእናቱ መልሼ ይህን ሰው አገባለሁ። ከዚያ በፊት ማንም አያስቸኩለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም አይውቀሰኝ።»

ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ ይባላል። ከዚያ አንዱ «ፍርድ አዋቂ ናት» አሉ። ሦስተኛው መስቀል ደረሰ። ወሬ የለም። አኮ ሐብሉን በመሐረብ ቋጥረው ለልጁ እናት ወስደው መለሱ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። በጥር ገበሬውን አገቡ። ሰባት ልጅ ወለዱለት። «ወደድኩት ወይ?» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «በአንድ ቀን አይደለም። ቡና በአንድ ቀን ያፈራል እንዴ?»

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰው መጣ። ፀጉሩ ገባ ብሏል። እሱ ነው! አኮ ልጅ አዝለዋል። ባልየው ሰምተው «እንግዳ ነው፣ ቡና ይጠጣ» ብለው ቤት አስገቡት። (እንደዚህ ዓይነት ወንድ ዛሬ ይገኝ ይሆን?) ቡናው ፈላ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ አወራ። ማላካል ድረስ መጥቶ ነበር። ወደቡ ላይ መርከቡን ጠየቀ፤ ቆሟል አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ጠየቀ፤ ቆሟል አሉት። እዚያው ሥራ አገኘ፤ እዚያው አገባ።

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም» አለ። «መርከቡ ቆመ።»

አኮ ስኒውን አቀበሉትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

«መርከቡስ ቆመ… እግርህስ?»

ሰውዬው መልስ አልነበረውም። ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ሄደ። አኮ ይህን ሲነግሩኝ ቂም የለባቸውም። እንዲያውም አዘኑለት። «ክፉ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ የማይፈልግ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።»

የዛሬው መርከብ

አሁን ወደ ደብዳቤዋ ባለቤት ልመለስ። እህቴ፣ የአንቺ እጮኛ የተሻገረበትን መንገድ ጠያይቄ ነበር። ዋዲ ሃልፋ ማለት ከአስዋን ግድብ በስተኋላ የተኛው ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለች የሱዳን ከተማ ናት። ሐይቁን ግብፆች ናስር፣ ሱዳኖች ኑቢያ ይሉታል፤ ሁለት አገር ይጋሩታል። የቀድሞዋ ሃልፋ ራሷ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ውኃ ተውጣለች። ለረጅም ዓመታት ከሱዳን ወደ ግብፅ የሚሻገር መንገደኛ ከሃልፋ መርከብ ተሳፍሮ፣ መርከቡ ላይ አድሮ፣ በማግስቱ አስዋን ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የመኪና መንገዱ ተከፈተ። ያም ሆኖ ውኃው አልቀረም፤ አውቶቡሱ ግብፅ ከገባ በኋላ በቁስጡል ጀልባ ላይ ወጥቶ አቡ ሲምበል ይሻገራል።

እንግዲህ ያ መሻገሪያ ቲኬት አለው፣ ፓስፖርት ላይ ማኅተም አለው፣ የሚነሳበትና የሚደርስበት ሰዓት አለው። በሕግ የሚሄድ መርከብ ማለት ይሄ ነው። እሱም ቢሆን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። በግንቦት 1975 ዓ.ም. በዚሁ ሐይቅ ላይ አንድ የመንገደኞች መርከብ በእሳት ተያይዞ ከ300 በላይ ሰው አልቋል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በሚጋሩት በቪክቶሪያ ሐይቅም በታንዛኒያ በኩል በግንቦት 1988 ቡኮባ የተባለችው መርከብ ሰምጣ ከ800 በላይ፣ በመስከረም 2011 ኔሬሬ የተባለችው ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው ሞቷል። ሁለቱም ከልክ በላይ ሰው ጭነው ነበር።

ስለዚህ በጣና ላይም ሆነ በውጭ አገር ሐይቅ መርከብ ለምትሳፈሩ ወጣቶች አጭር ምክር ጣል ላድርግ፦

1ኛ. ቲኬት ከቢሮው እንጂ ወደብ ላይ ከሚዞር ሰው አትግዙ። ስማችሁ መዝገብ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ። አደጋ ቢደርስ የሚፈልጋችሁ በዚያ መዝገብ ነው።

2ኛ. አገር የምትሻገሩ ከሆነ ቪዛችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የመውጫ ማኅተም ሳይመታላችሁ አትሳፈሩ፤ ማዶ ያለው ፖሊስ ወደመጣችሁበት ይመልሳችኋል።

3ኛ. መርከቡ ከሞላ ቅሩ። «ተጠጋጉ፣ አንድ ሰው አይጎዳም» የሚል ታክሲ ላይ ይብቃን።

4ኛ. የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ የት እንዳለ ስትገቡ እዩ። መርከቡ መናወጥ ከጀመረ በኋላ ፍለጋ የለም።

5ኛ. ሁላችሁም በአንድ ጎን አትሰብሰቡ። ፎቶ ቢያምርም ሕይወት ይበልጣል።

መርከብ በደንብ ከተያዘ ዕድሜ አለው። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ሊየምባ የምትባል መርከብ አለች። ጀርመኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሠርተዋት፣ በጦርነቱ ጠላት እንዳይወስዳት ራሳቸው አስምጠዋት፣ ኋላ ከውኃ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1927 እንደገና ሥራ የጀመረች ናት። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከታንዛኒያ ኪጎማ ዛምቢያ ምፑሉንጉ ድረስ ሰው አመላልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቡሩንዲ የሸሹ ስደተኞችን ያወጣችም እሷው ናት።

አሁን እጮኛሽ «ባሕሩን ልሻገር» የሚልሽ ግን ይሄኛውን ዓይነት አይደለም። ቲኬት የለውም። መዝገብ የለውም። ካፒቴኑ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከሊቢያ ቶብሩክ የተነሳች አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ 750 ያህል ሰው አጭቃ ግሪክ አቅራቢያ ሰጠመች። በሕይወት የተረፉት 104 ናቸው። ከነዚያ ሟቾች ብዙዎቹን ዛሬም ቤት ያለ ሰው ይጠብቃቸዋል፤ መዝገብ ስላልነበረ መሞታቸውን የሚነግር የለም። ይሄ ነው እቁብሽን የምትገዢበት ነገር።

እንግዲህ ምን ታድርግ?

እህቴ፣ የምነግርሽን እንደ ትእዛዝ አትውሰጂው። አብረን እንደምንመክር ቁጠሪው።

በመጀመሪያ፣ ለጀልባው ብር አትላኪ። ብትልኪና ቢሰምጥ ዕድሜ ልክሽን በገንዘቤ ገደልኩት ትያለሽ። ብትልኪና ቢሻገር ደግሞ እዚያ ወረቀት እስኪያገኝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? ደላላው ብሩን ከወሰደ በኋላ «ጨምሪ» ማለቱም አይቀርም።

ሁለተኛ፣ «አይሆንም» ብለሽ ብቻ አትዝጊው። እንዲህ በይው፦ «ለጀልባ አልልክም። ለአውሮፕላን ቲኬት ግን እልካለሁ። ከካይሮ አዲስ አበባ ይበራል። አንተ ና፣ እቁቡን ለሁለታችን መነሻ እናድርገው።» መመለስ ካልፈለገም እዚያው ካይሮ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። በፈቃዱ መመለስ ፈልጎ መንገዱ ከጠፋበት ደግሞ አይኦኤም የሚባለው የዓለም አቀፉ ፍልሰት ድርጅት አለ። መርከቡ ቢቆም እግር አለ ማለት ይሄ ነው። በምን ቋንቋ እንደሚመልስልሽ አድምጪ። «አፍሬ ነው፣ ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ?» ካለሽ ሰው ነው፣ አበረታቺው። ብዙ ወጣት የሚቀረው ሥራ አጥቶ ሳይሆን «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውን የሰፈር ጥያቄ ፈርቶ ነው። ስለ ብሩ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ግን ጆሮሽን አትከልክይ።

ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ከልብሽ ጠይቂው። በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ የደወለው ስለተቸገረ ነው ወይስ ስለተወ? ጦርነት የሸሸ ሰው ላይ ቶሎ አልፈርድም። ሃልፋ ላይ ስልክ ሽጦ እንጀራ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ግን ካይሮ ስልክ አለ። እቁብሽ የሚወጣበትን ወር ለመጠየቅ የተገኘው ስልክ፣ «እናቴ እንዴት ናት?» ለማለትም ይገኝ ነበር። ጊምቢ ስልክ በጠፋበት ጊዜ አንቺ ምን አደረግሽ? አውቶቡስ ተሳፈርሽ። አንቺ እግር ነበረሽ!

አራተኛ፣ ለጥበቃሽ ወቅት አብጂለት። ቀኑን አንቺ ምረጪ። መስቀል ይሁን፣ ገና ይሁን፣ የራስሽ ጉዳይ ነው። ከመረጥሽ በኋላ ግን ለሦስት ሰው ንገሪ፦ ለእሱ፣ ለአባትሽና ለእናቱ። ለእሱ ስትነግሪው ማስፈራሪያ አታድርጊው። «እስከዚህ ቀን ቃሌ ቃል ነው» በይው። በልብሽ ይዘሽ ዝም ያልሽው ቀን ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ ይገፋል።

አምስተኛ፣ ስለ መምህሩ። ደህና ልጅ ከሆነ እውነቱን መስማት ይገባዋል። «እስከዚህ ቀን ቃል አለብኝ፣ ከዚያ በኋላ ራሴን እጠይቃለሁ» በይው። ቢሄድ፣ ይሂድ። ቢቆይ፣ ሰው መሆኑን አወቅሽ። ነገር ግን ሌላው ስለቀረ ብቻ እሱን አታግቢ። አኮ ገበሬውን ያገቡት ሐብሉን በእጃቸው መልሰው፣ አልቅሰው፣ ጨርሰው ነው። ግማሽ ልብ ይዞ ወደ ሠርግ መግባት ለሦስት ሰው ይተርፋል።

የመጨረሻው ጥያቄ

ከደምቢ ዶሎ ልመለስ ስል አኮን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «አኮ፣ ያ ሰው በሁለተኛው ክረምት በእግሩ መጥቶ ቢሆን ኖሮስ?»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የፈሰሰውን የቡና አተላ በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

«በጭቃ የተለወሰ እግሩን አጥበው ነበር» አሉኝ። «ከዚያ አገባው ነበር።»

ደጃፉ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡስ ተራ እስክደርስ የእሳቸው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። በመንገድ ላይ ስልኬን አውጥቼ ለደብዳቤዋ ባለቤት ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻ «መቼ ነው መስቀል?» አለችኝ፤ ቀኑን ሳታውቀው ቀርታ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት አጭር መልእክት ላከችልኝ። «እቁቡ ወጣ። ለጀልባ አልላክሁም። ለቲኬት እሰጥሃለሁ ብዬ ነገርኩት። ላስብበት ብሏል። ቀኑንም ነግሬዋለሁ።»

«ላስብበት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። ግን ወቅቱ ተቆርጧል። ከእናንተ መሐል እንዲህ ሰው የሚጠብቅ ካለ፣ ወይም እንዲህ የሚጠበቅ ካለ፣ ጻፉልኝ። በተለይ እዚያ ማዶ ያላችሁ ወንድሞች፣ መርከቡ ቆሞባችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ ስልክ አንሱ። ስለ ብር ሳይሆን «እናቴ እንዴት ናት?» ለማለት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!